በሲሙሌተሩ መጨረሻ ለወጣችው ሐኪም

ዶክተር፣ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና አንቺ ልበልሽ።

ደብዳቤሽን ላላነበቡት ባጭሩ፦ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲሽን ልትጨርሺ ነው፤ ለጋስትሮኢንትሮሎጂ (የጨጓራና የአንጀት ሕክምና) ፌሎሺፕ፣ ማለትም ከሬዚደንሲ በኋላ ላለው ሥልጠና፣ ልታመለክቺ አስበሻል። ለአንድ ሳምንት በኮምፒዩተር ሲሙሌተር (መለማመጃ ማሽን) ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ካሜራ ባለው ቱቦ (በስኮፕ) መመርመርን፣ ተለማመድሽና ከቡድኑ መጨረሻ ወጣሽ። አሠልጣኙም «ይሄ ሥራ እጅ ይፈልጋል» ብሎ ሸኘሽ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻውን አልነካሽውም። ወንድምሽ «ፌሎሺፑ ይቅርብሽ፣ የሁለት ሳምንት ኮርስ ልክፈልልሽ፣ ሰርተፊኬትሽን ይዘሽ ክሊኒክ እንክፈት» ይላል። ለአንድ ዓመት ረዳት አሠልጣኝ የሚፈልግ ስኪል ላብም (ሐኪሞች በሞዴል የሚለማመዱበት ክፍል) አለ። በዚያ ላይ እጄ ትንሽ ነው ትያለሽ።

ያናደደኝ አሠልጣኙ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የላክሽልኝን የውጤት ወረቀት ደጋግሜ አየሁት። ሴከም (ስኮፑ መድረስ ያለበት የትልቁ አንጀት ጫፍ) ለመድረስ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ወስዶብሻል፤ መጨረሻ ያስባለሽም እሱ ነው። ስኮፑን እየሳብሽ ስትመለሺ ያየሽው የአንጀት ግድግዳ ግን ከቡድኑ ሁሉ ይበልጣል። ይህን መስመር ማንም አላነበበልሽም። ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እብጠት) በዋናነት የሚፈለገው በመመለሻው ላይ ነው። በ2006 የወጣ በሙያው የታወቀ ጥናት፣ ሲመለሱ በአማካይ 6 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቆዩ ሐኪሞች ከሚቸኩሉት የበለጠ አዴኖማ (ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ፖሊፕ) እንደሚያገኙ አሳይቷል። አሠልጣኙ የፍጥነት ውድድር አደረገውና አንቺም አመንሽው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ቁጥር ነው። ካሜራው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስክሪኑ ቀይ ብቻ ሲሆን መግፋትሽን ቀጥለሻል። ማሽኑ ነጥብ ይቀንስብሻል፤ የሰው አንጀት ግን ይበሳል። ቀይ ሲሆን ቁሚና ትንሽ ሳቢ፣ መንገዱ እስኪታይ። ይሄ ከተሰጥዖ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ አጠገብሽ ቆሞ «አቁሚ» የሚልሽ ሰው ቢኖር በዚያው ሳምንት ይታረም ነበር።

ሲሙሌተር ለምን እንደሚጠቅም ደግሞ በቂ ማስረጃ አለ። በዚያው በ2006 በ45 የመጀመሪያ ዓመት ፌሎዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። ከፊሎቹ ታካሚ ከመንካታቸው በፊት 10 ሰዓት በሲሙሌተር ተለማመዱ። በመጀመሪያዎቹ 100 ያህል ታካሚዎች ካልተለማመዱት ተሽለው ታዩ፤ ቀስ በቀስ ግን ልዩነቱ ጠፋ፤ ሁለቱም ቡድኖች ብቃት ላይ የደረሱት በ160ኛው ታካሚ ገደማ ነው። ማሽኑ የጀማሪነቱን ዘመን ያሳጥራል፣ ታካሚውንም ከመጀመሪያው መንገዳገድ ያድናል። ማን ኢንዶስኮፒስት (በስኮፕ የሚመረምርና የሚያክም ሐኪም) እንደሚሆን ማን እንደማይሆን ግን አይለይም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው የ2018ቱ የኮክሬን ግምገማም የደረሰበት ድምዳሜ ሲሙሌተር መደበኛውን ሥልጠና መጀመሪያ ላይ ይደግፋል እንጂ ሊተካው ይችላል ለማለት ማስረጃው አይበቃም የሚል ነው።

ደግሞስ የትኛው ሲሙሌተር? በኮምፒዩተሩ ላይ ስኮፑ ሉፕ ሲሠራ (አንጀት ውስጥ ሲጠቀለል) እጅሽ የሚሰማው ግፊት በሞተር የተፈጠረ ነው። የሲሊኮን አንጀት ላይ ሉፑ እውነተኛ ነው፣ ግን ቅባት ካላደረጉለት ይይዛል፣ አይተነፍስም፣ አይኮማተርም፤ ከተወሰነ ቀን በኋላ ደግሞ ተማሪው የሚያጠናው ኮሎኖስኮፒን መሆኑ ቀርቶ የዚያን ሞዴል ጥምዝ ይሆናል። ደም ማቆም ለመለማመድ በ1990ዎቹ በጀርመን ኤርላንገን ከተማ የተሠራው፣ በአሳማ ጨጓራ ውስጥ በፓምፕ ደም የሚያፈስሰው ሞዴል እስካሁን ደስ ይለኛል፤ እዚያ ላይ ሐኪሙ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ከረዳቱ ጋር መነጋገር አለበት። እነዚህ ሁሉ የተለያየ ነገር ያስተምራሉ። በአንዱ፣ ለዚያውም በአንድ ሳምንት፣ «እጅ የለሽም» ማለት ድፍረት ነው።

ወንድምሽ። እንደሚወድሽ አልጠራጠርም፣ ሐሳቡ ግን አደገኛ ነው። በሞዴል ላይ የተገኘ ሰርተፊኬት ፖሊፕ ቆርጠሽ ደም አልቆም ሲል አጠገብሽ አይቆምም። የአሜሪካ የጋስትሮኢንተስቲናል ኢንዶስኮፒ ማኅበር ቀድሞ ቢያንስ 140 ኮሎኖስኮፒ ሳይሠራ ስለ ሠልጣኙ ብቃት መመዘን እንኳ አይጀመርም ይል ነበር፤ በ2011 የታተመ የማዮ ክሊኒክ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ወደ 275 አድርሶታል። ገንዘቡም ቢሆን ስኮፕ በመግዛት አያበቃም፤ ማጠቢያው፣ ጥገናው፣ የሰው ኃይሉ አለ። ዕዳ ያለበት ክሊኒክ ኢንዶስኮፒ የማያስፈልገውን ሰው አልጋ ላይ ማስተኛት ይጀምራል፤ ይህን ለወንድምሽ በዚሁ ቃል ንገሪው። ሊረዳሽ ከልቡ ከፈለገ በፌሎሺፑ ዓመታት የቤት ኪራይሽን ይክፈል።

ስኪል ላቡን ተቀበዪ። እኔ ከኢንዶስኮፒ ነርስነት ወደ ስኪል ላብ፣ ከዚያም ወደ ምክር የመጣሁ ሰው ነኝና አስተያየቴን በዚያ ልክ መዝኚው። ዓመቱን ሙሉ የሌሎችን ጀማሪዎች እጅ ስታዪ ትውያለሽ፤ ሉፕ ከመሠራቱ በፊት በትከሻቸው ታውቂዋለሽ። ስኮፑን ትፈቺያለሽ፣ ታጥቢያለሽ፣ ለምን እንደሚሰበር ታያለሽ። ሁለት ነገር ግን በውል ይጻፍልሽ፦ በየሳምንቱ እውነተኛው ኢንዶስኮፒ ክፍል የምትገቢበት ቀን፣ እና ለፌሎሺፕ ቃለ መጠይቅ ፈቃድ። የመጀመሪያው ከሌለ በሞዴል ላይ ብቻ የተካነች ሰው ሆነሽ ትወጫለሽ። ለእንስሳ አካል ልምምድ የሚውለው ስኮፕ ለታካሚ ከሚውለው የተለየ መሆኑንም ጠይቂ፤ ካልተለየ ያንን ላብ ለቀሽ ውጪ።

ማመልከቻውን ዘንድሮውኑ አስገቢ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሲሙሌተር አላችሁ ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ አንድ ፌሎ ሲጨርስ ስንት ኮሎኖስኮፒ ራሱ ሠርቶ እንደሚወጣ፣ ሲቸገርስ ሲኒየሩ ስኮፑን ይነጥቀዋል ወይስ በቃል እየመራ ያሳልፈዋል፣ እሱን ጠይቂ። የሚቻል ከሆነ መልሱን ከፌሎዎቹ አፍ ስሚ።

የእጅሽ ማነስ እውነተኛ ችግር ነው፤ መያዣው የተሠራው ትልቅ እጅ ታስቦ ነው። የስኮፑን ጫፍ ለሚያዞሩት መዘውሮች የሚገጠም ማራዘሚያ አለ፣ ቀኝና ግራውንም መዘውሩን ከማሳደድ ይልቅ የስኮፑን ዘንግ በቀኝ እጅ በመጠምዘዝ መሥራት ይቻላል፤ ላቡ ውስጥ መጀመሪያ የምትለማመጂው ይሄን ይሁን።