ሲታጠፍ ያጉረመርማል፣ ነዳጅ ሲጨመር አይገፋም

ከ25 ዓመት በላይ ያገለገለ የመርክሩዘር አልፋ ዋን ድራይቭ (ከጀልባው ኋላ ውጭ ሆኖ የሞተሩን ኃይል ጀልባውን ለሚገፋው ፕሮፔለር የሚያደርስ ክፍል) ያለው ጀልባ እንዳለዎት ጽፈውልኛል። መሪውን ሲያዞሩ ከኋላ ያጉረመርማል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ነዳጅ ሲጨምሩ የሞተሩ ዙር ይወጣል እንጂ ጀልባው አይፈጥንም። ያየው ሰው «ጥርሱ አልቋል፣ ድራይቩን በሙሉ ይቀይሩ» ብሎዎታል። እባክዎ ገና ምንም አይግዙ። ሁለቱ ምልክቶች ከአንድ ቦታ የመጡ አይመስለኝም፤ በድራይቩ ውስጥ ያለውን የማርሽ ጥርስ የምጠረጥረውም መጨረሻ ላይ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። በፕሮፔለሩ እምብርትና በክንፎቹ መካከል ተጨምቆ የገባ ጎማ አለ። ክንፉ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ ጥርሱ እንዳይሰበር ይህ ጎማ ይንሸራተታል። ሲያረጅ ግን ምንም ሳይመታም ይንሸራተታል፤ በዝግታ ሲሄዱ ይይዛል፣ ጭነት ሲበዛበት ይለቃል። የእርስዎ ጀልባ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ፕሮፔለሩን አውጥተው ከኋላ በኩል ከእምብርቱ እስከ ውጪኛው አካል የሚያቋርጥ አንድ መስመር በማይለቅ ቀለም ያስምሩ፣ መልሰው ይግጠሙና ውሃ ላይ ይሞክሩት። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ጫፎቹ ከተራራቁ ጥፋቱ ተገኘ፤ ጎማውን ማስቀየር ነው፣ ድራይቩ አይነካም። በሙከራው ጊዜ ድራይቩ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች መውረዱን ያረጋግጡ፤ ከፍ ብሎ ከቆመ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

መስመሩ ካልተነቃነቀ የሞተሩን ክዳን ከፍተው ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባድ ክብ ብረት) አካባቢ ያሽትቱ። የተቃጠለ ጎማ ሽታና ጥቁር ብናኝ ካለ የለቀቀው ሞተሩን ከድራይቩ ጋር የሚያገናኘው ካፕለር ነው። እሱን ለመቀየር ሞተሩ ከቦታው መነሳት አለበት፤ ስለዚህ የፕሮፔለሩን ሙከራ ሳይጨርሱ ወደዚህ አይሂዱ።

ጥርሱ ደኅና መሆኑን የድራይቩ ዘይት ይነግርዎታል። ጀልባው ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ይደር፤ ጠዋት የታችኛውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ጥቂት ብቻ ላላ ያድርጉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ ይወጣል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ አንዱ የዘይት ማኅተም አልያዘም ማለት ነው። በቡሎኑ ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ልም ቢያዩ አይደንግጡ፤ የተለመደ ነው። በጥፍር የሚነሳ የብረት ስባሪ ካገኙ ግን ያ ሰው ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ጉርምርምታው። ሞተሩ ከጀልባው ውስጥ፣ ድራይቩ ከኋላ ግድግዳው ውጭ ስለሆነ ኃይሉ በሁለት ክሮቼራዎች (እየዞሩ መታጠፍ በሚችሉ መጋጠሚያዎች) በኩል እየታጠፈ ያልፋል። ቀጥ ብለው ሲሄዱ ክሮቼራዎቹ እምብዛም አይታጠፉም፤ መሪ ሲያዞሩ ግን ጭነቱ እነሱና ከፊታቸው ሆኖ ዘንጉን የሚይዘው የጊምባል ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። በጀልባ ማጓጓዣው ላይ እንዳለ ፕሮፔለሩን ያውጡ፣ ቱቦ አገናኝተው ለድራይቩ ውሃ ይስጡት፤ አለበለዚያ የውሃ ፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። የተጠራቀመ የቤንዚን ትነት እንዳይኖር አስቀድመው የሞተሩን ክፍል በደንብ ያናፍሱ። ከዚያ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ሌላ ሰው መሪውን ቀስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ያዙር። የማያቋርጥ ጉርምርምታ ኩሽኔታውን፣ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ክሮቼራውን ያመለክታል።

እርግጠኛ የሚሆኑት ድራይቩን ሲያወርዱ ነው። አልፋ ዋን ከመውረዱ በፊት ማርሹ ወደ ፊት መግባት አለበት፤ ይህን ረስተው ድራይቩን በጉልበት ሲጎትቱ የዋሉ ሰዎች አይቻለሁ። ከባድ ስለሆነ 6ቱን ዳዶዎች ከመፍታትዎ በፊት በማንሻ ያስይዙት። ኩሽኔታውን በጣትዎ ያዙሩት፤ አሸዋ እንዳለበት ከሻከረ አልቋል። ክሮቼራዎቹንም በሁሉም አቅጣጫ ያጥፏቸው፤ ከደረቁ ወይም ከተወዛወዙ አልቀዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ክሮቼራዎቹን ከውሃ የሚከላከለውን፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን የጎማ መሸፈኛ ይመርምሩ። እጥፋቶቹን በእጅዎ ከፍተው በባትሪ ብርሃን ይዩት። ኩሽኔታው ዝጎ ካገኙት ዝገቱ ከየትም አልመጣም፤ በዚህ ጎማ ስንጥቅ በገባ ውሃ ነው። አንድ ጊዜ የጀልባው ባለቤት ስለቸኮለ ኩሽኔታውን ብቻ ቀየርኩለት፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ድምፅ ይዞት መጣ፣ አዲሱ ኩሽኔታ ዝጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩሽኔታውን፣ ክሮቼራዎቹንና መሸፈኛውን አንድ ላይ ካልሆነ አልቀይርም። የማርሽ ካቦው ሻካራ ከሆነም ያኔውኑ ይቀይሩት፤ ድራይቩ ወርዶ ሳለ ሥራው ትንሽ ነው።

መልሰው ከመግጠምዎ በፊት የሞተሩን አቀማመጥ ይለኩ። በአሮጌ ጀልባ ሞተሩን የተሸከመው እንጨት ይበሰብሳል፣ ሞተሩም ዝቅ ይላል፤ የካፕለሩን ጥርስ የሚበላውም ይህ ነው። ለዚሁ ልኬት የተሠራው ዘንግ በኩሽኔታው አልፎ ካፕለሩ ውስጥ በሁለት ጣት ግፊት መግባት አለበት። ጫፉን ግራሶ ቀብተው ሲያወጡት የጥርሶቹ ምልክት ዙሪያውን እኩል ካልታየ ሞተሩ ከፊት በኩል ያረፈባቸውን መቀመጫዎች ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉ።

በአዲስ ጓርኒሲዮን ይግጠሙ። ዘይቱን ከታች በፓምፕ ይሙሉት፤ ከላይኛው ቀዳዳ ያለ አረፋ ሲወጣ መጀመሪያ ላይኛውን፣ ከዚያ ታችኛውን ይዝጉ። ጀልባውን ውሃ ላይ ሲያወርዱ ከማጓጓዣው ሳይፈቱት ክዳኑን ከፍተው ከሞተሩ ኋላ ያለውን ወለል ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱ፤ መሸፈኛው በደንብ ካልታሰረ ውሃው የሚገባው በዚያ ነው።