ማንኮራፋቷ ያስቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አክስቴ ወደ ካናዳ ስትሄድ ማሚቱ የምትባል የአራት ዓመት ውሻ ትታልኝ ሄደች። ዝርያዋ ፔኪኒዝ ነው። ፊቷ ጠፍጣፋ፣ ፀጉሯ መሬት የሚጠርግ ነው። ስጠራት ዞር ብላ ታየኝና ተመልሳ ትተኛለች። ስትተኛ እንደ ሽማግሌ ስለምታንኮራፋ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ዝርያዋ ከየት መጣ? ጎረቤታችን ወንድ ስላለው ቡችላ ላስወልዳት? (ከሰሚት)

መልስ፦ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ልበልሽ። ማሚቱ ስትጠሪያት የምትተኛው ንቃሽ አይደለም ልልሽ ነበር። ግን ንቃሽ ነው። የዘር ነገር ነው፣ አትቀየሚያት።

ፔኪኒዝ የቻይና ቤተ መንግሥት ውሻ ናት። ስሟም ከፔኪንግ፣ ከዛሬዋ ቤጂንግ የመጣ ነው። አታድንም፣ ከብት አትጠብቅም፤ ሥራዋ ከባለሥልጣን ጎን መቀመጥ ነበር። በጣም ትንንሾቹን በሰፊው የቀሚስ እጅጌ ውስጥ ከተው ይዘዋቸው ይዞሩ ነበር። አንበሳ ጦጣ ወድዶ፣ ቡድሃን ሰውነቱን ብቻ እንዲያሳንስለት፣ ልቡን ግን እንዲተውለት ለመነ፤ ከእነሱ ፔኪኒዝ ተወለደች ይላል ተረታቸው። የማሚቱን አረማመድ ላየ ተረቱ ውሸት አይመስለውም።

ከቻይና የወጣችው ግን በሰላም አይደለም። በፈረንጆቹ 1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች ፔኪንግ አጠገብ ያለውን የበጋ ቤተ መንግሥት ዘረፉ፣ እንግሊዞቹ አቃጠሉት። እዚያ ከተገኙት ትንንሽ ውሾች አንዷን ደን የሚባል ሻምበል ለንግሥት ቪክቶሪያ ወሰደላት። ስም ሲያወጡላት ሉቲ አሏት፤ «ምርኮ» ወይም «ዝርፊያ» እንደ ማለት ነው። ምንም አላፈሩም! እኛ 1860 ሲባል ትዝ የሚለን መቅደላ ነው። በእነሱ ቆጠራ ከሉቲ ስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ ዕቃው የተጫነውም ወደዚያችው አገር ነው። ሉቲ በፈረንጆቹ 1872 ዊንዘር ውስጥ ሞተች።

አሁን ወደ ማንኮራፋቷ። እኔም ስቄ አውቃለሁ። ከደብረ ዘይት ተመርቄ ገና ሥራ ስጀምር አንድ ሰውዬ ፔኪኒዙን ለክትባት አመጣው። ያንኮራፋል ሲለኝ አብረን ሳቅን። ከጥቂት ወራት በኋላ በቀትር ፀሐይ፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ከናዝሬት ይዞት መጣ። ምላሱ ሰማያዊ ሆኗል። ውኃ አፈሰስንበት፣ ኦክስጅን ሰጠነው፤ አላተረፍነውም።

ውሻ እንደ እኛ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ለዚህ ሰፊ የአየር መንገድ ያስፈልገዋል። ሰዎች ፊቷ እንዲያምር ብለው በየትውልዱ አፍንጫዋን አሳጠሩት፤ ውስጡ ያለው ሥጋ ግን አብሮ አላጠረም። ጉሮሮዋን የሚዘጋው እሱ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው በፈረንጆቹ 2008 ነገሩ በቴሌቪዥን ከተጋለጠ በኋላ የዝርያውን መለኪያ፣ ማለትም ውሻዋ ምን መምሰል አለባት የሚለውን ደንብ፣ ለማሻሻል ተገደዱ።

ስለዚህ ማሚቱን በማለዳ ወይም ሲመሽ ብቻ አውጫት። አንገቷ ላይ ገመድ አትሰሪባት፣ ደረቷን የሚይዝ ይሁን። የዓይኗ ጉድጓድ ጥልቅ ስላልሆነ አንገቷ ከተጎተተ ዓይኗ ሊወጣ ይችላል። ከወጣ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ ሩጪ፤ እቤት ልመልሰው እንዳትይ። ክብደቷንም ተከታተይ፤ የእንግሊዞቹ መለኪያ ለሴት ከ5.4 ኪሎ አይበልጥ ይላል። አክስትሽ ጥብስ ታበላት እንደነበር እጠረጥራለሁ።

ፊቷ ላይ ያለውን እጥፋት በየቀኑ ጥረጊው፣ ፀጉሯንም አበጥሪው።

ቡችላውን ተይው። የዚህ ዝርያ ቡችሎች ጭንቅላታቸው ትልቅ ስለሆነ እናትየዋ ብዙ ጊዜ በኦፕራሲዮን ነው የምትገላገለው። ማሚቱ ደግሞ እንደነገርሽኝ ታንኮራፋለች፤ ለመተንፈስም ትታገል ይሆናል። ይልቅ ተኝታ ስታንኮራፋ በስልክሽ ቅረጫትና ቪዲዮውን ለሐኪምሽ አሳዪው። ነቅታም የምታንኮራፋ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ነገ ጠዋት ውሰጃት።