ጥርስ የሚያበልዘውና በረኪና ውስጥ ያለው እንዴት ተዛመዱ?

ጥያቄ፦ ያደግሁት ከአዳማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር የጉድጓድ ውሃ እየጠጣሁ ነው። ጥርሴ ከልጅነቴ ጀምሮ የበለዘ ሲሆን ምክንያቱ ፍሎራይድ እንደሆነ ተነግሮኛል። ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ግን ፍሎሪንን በበረኪና ውስጥ ካለው ክሎሪንና በገበታ ጨው ላይ ከሚጨመረው አዮዲን ጋር «አንድ ቤተሰብ» የሚያደርግ ሰንጠረዥ አሳየችኝ። አንዱ ጥርስ ያበላሻል፣ አንዱ ያነጻል፣ አንዱ እንቅርትን ይከላከላል። ታዲያ ማን፣ በምን መለኪያ አዛመዳቸው?
(አንዲት አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ዝምድናቸው የተቆጠረው ለሰው በሚሰጡት ጥቅም ወይም በሚያደርሱት ጉዳት ሳይሆን ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ሲዋሃዱ በሚያሳዩት ጠባይ ነው። የጠቀሷቸው ሦስቱም፣ እንዲሁም ብሮሚን፣ ከሶዲየም ጋር ሲዋሃዱ ነጭ ጨው ይሆናሉ፤ ሃሎጅን የሚለው የቤተሰቡ ስምም ከግሪክኛ የመጣና «ጨው አስገኚ» ማለት ነው።

መመሳሰሉን በቁጥር ለማሳየት ቀድመው ከሞከሩት አንዱ በየና ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ዮሐን ዶበራይነር ነበር። በ1829 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክሎሪንን፣ ብሮሚንንና አዮዲንን በተርታ ሲያስቀምጥ የመካከለኛው አቶማዊ ክብደት ለሁለቱ አማካይ የቀረበ ሆኖ አገኘው፤ በዛሬው ልኬት ክሎሪን 35.5፣ አዮዲን 127 ስለሆኑ አማካያቸው 81 ገደማ ሲሆን ብሮሚን 80 ነው። ሊትየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየምም እንዲሁ ሆኑለት፤ ይሁንና ሦስት ሦስቱን ከማቧደን አልፎ ሁሉንም የሚያስተሳስር ሥርዓት አላገኘም።

ያንን ያደረገው ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በ1869 ነው። በወቅቱ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በክብደታቸው ቅደም ተከተል ሲደረድር ጠባያቸው በየተወሰነ ርቀት እንደሚደጋገም አስተዋለ። ላልተገኙ ንጥረ ነገሮች ክፍት ቦታ መተዉ ብዙ ጊዜ ይወደስለታል፤ ለእኔ ግን ይበልጥ የሚደንቀው የአዮዲን ጉዳይ ነው። ቴሉሪየም የተባለው ሌላ ንጥረ ነገር ከአዮዲን ስለሚከብድ በክብደት ቢሄድ ኖሮ አዮዲን ከክሎሪን ቤተሰብ በወጣ ነበር። ሜንዴሌቭ ግን ጠባዩን አምኖ አዮዲንን ከወገኖቹ ጋር አኖረውና በቴሉሪየም ክብደት ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገ። ልኬቱ ስህተት አልነበረም፤ ቦታው ግን ትክክል ነበር። በ1913 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን በአቶሙ አስኳል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም የፕሮቶኖች ቁጥር፣ መሆኑን አሳየ፤ ቴሉሪየም 52ኛ፣ አዮዲን 53ኛ ነው።

የእርስዎ ፍሎሪን ደግሞ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የተመዘገበው ማንም ለብቻው ነጥሎ ሳያየው ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያጠቃ ፈረንሳዊው ኦንሪ ሟሳን ነጥሎ ያወጣው በ1886 ነው።

የቤተሰቡ ሁሉ አቶሞች በውጨኛው ዙር 7 ኤሌክትሮን ስላላቸው ስምንተኛውን ለማግኘት ይሻማሉ። ፍሎሪን ያንን አንድ ኤሌክትሮን ሲያገኝ ፍሎራይድ ይባላል፤ በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየሟሟ ወደ ጉድጓድ ውሃ የሚገባውም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ጥርስ የሚበልዘውም በድድ ሥር በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ፍሎራይድ ሲበዛበት ነው። በጥርስ ሳሙናዎ ላይ ፍሎራይድ የሚል ጽሑፍ ቢያነቡ፣ ያ በጥቂቱ ጥርስን ለማጠንከር የተጨመረው ያው ፍሎራይድ ነው።