እናቴ የሞላችው በርሜል

በቅርቡ አብሮኝ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ፣ «ጋሼ፣ ሰው ውጭ አገር ስንት ዓመት ቆይቶ ቢመለስ ይሻላል?» ሲል ጠየቀኝ። እሱ ለመሄድ እየተዘጋጀ ነው። በወቅቱ መልስ አልሰጠሁትም፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ። ይህን የምጽፈው ለእሱና የእሱን ጥያቄ ለያዛችሁ ልጆቼ ነው።

በ1992 ዓ.ም.፣ 14 ዓመት በጀርመን ከኖርሁ በኋላ፣ ለሦስት ሳምንት ወደ ሐዋሳ መጣሁ። እናቴ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል ያስመጣችውን የቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ተቀበለችኝ። ቡናው በረካ ደርሶ እንግዶቹ መርቀውኝ ሲወጡ ሻንጣዬን አነሣሁና ሐይቁ ዳር ሆቴል መያዜን ነገርኋት። በሠፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለነበር፣ ገላዬን እንደ ልቤ መታጠብ እንደማልችል አስቀድሜ አስቤ ነበር። «ይሁን ልጄ፣ መንገዱም አድክሞሃል» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በማግስቱ እህቴ ወደ ጓዳ ወስዳ አንድ በርሜል አሳየችኝ። እናቴ መምጣቴን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ፣ ውሃ በመጣ ቁጥር ሌሊት እየተነሣች፣ በጆግ እየቀዳች እስከ አፉ ሞልታዋለች። አጠገቡ ውሃ የምታሞቅልኝ ትልቅ ድስትና ያልተፈታ ሳሙና ተቀምጠዋል። የውሃ መሐንዲስ ነኝ፤ ብዙ ማጠራቀሚያዎችን ነድፌአለሁ፤ በዚያ በርሜል ፊት ግን የምናገረው ጠፋኝ። እንዲያም ሆኖ የከፈልሁት ገንዘብ እንዳይቀርብኝ ብዬ ከሆቴሉ አልወጣሁም። በ1996 ዓ.ም. ጠቅልዬ ስመለስ እናቴ በሕይወት አልነበረችም።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ብዙ አልልም። ዜግነታችሁን ለቀየራችሁ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ ያስገባችኋል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ያሠራችኋል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አይጨምርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እናንተ የዛሬ ልጆች የእናታችሁን ፊት በየቀኑ በስልክ ስለምታዩ የራቃችሁ አይመስላችሁም፤ ጓዳዋ ውስጥ ያለውን በርሜል ግን ስልክ አያሳያችሁም።

ስለዚህ ሳትዘገዩ ተመለሱ እላለሁ። ደግሞም ባዶ እጃችሁን አትምጡ እላለሁ፤ ሁለቱ እንደሚጋጩ አላጣሁትም። ዛሬ የምደክምለት የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ከተራቆቱት ተዳፋቶች በጎርፍ የሚወርደው ደለል እዚያው ይከማቻል። ይህን ደለል ከምንጩ ለመያዝ የሚረዳኝን ሙያ የተማርሁት በእነዚያ 18 ዓመታት ነው፤ ቀድሜ መጥቼ ቢሆን ለሐይቁ የምሰጠው ጥቂት ነበር። ለእናቴ ግን ብዙ ነበር።

ለዚያ ወጣት የምነግረው የዓመት ቁጥር የለኝም። ሰኞ ስንገናኝ በመጀመሪያ እናቱ የት እንደሚኖሩ እጠይቀዋለሁ።