መልስ፦ መንገድ ዳር መኪና ማቆም ቢከፈልበት ሱቆች ደንበኛ ያጣሉ?

«ፒያሳና መርካቶ መንገድ ዳር ለማቆም ማስከፈል ነጋዴውን አይጎዳም ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ እንደሚገባኝ እንዲያውም ይጠቅመዋል። በነጻ ሲሆን ቦታውን የሚይዘው ማን ነው? ጠዋት ሁለት ሰዓት አቁሞ ማታ የሚወስድ ሰው። ብዙ ጊዜ ባለሱቁ ራሱ ነው። ዕቃ ሊገዛ የመጣው ደንበኛ ሦስት ጊዜ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ትቶ ይሄዳል።

አሜሪካ ውስጥ ኦክላሆማ ሲቲ በ1935 እ.ኤ.አ. የፓርኪንግ ሳንቲም መቀበያ ማሽን የተከለችው ለዚሁ ችግር ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ዋጋውን እንደየመንገዱ መለዋወጥ ጀመረች። ቦታ ሲጣበብ ይጨምራል፣ ሲለቅ ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ላይ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ሲያስከፍሉ ቆይተዋል። ክፍያውን አልቃወምም። ግን ታሪፉ በሰሌዳ ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይሰጥ፣ ቆይቶ ለሚያቆም በየሰዓቱ ይጨምር። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእግረኛ መንገድ አይነካ! ባለፈው አንዲት እናት ልጅ አዝላ በአስፋልቱ መሀል ስትሄድ አየሁ። የእግረኛውን መንገድ መኪና ሞልቶት ነበር።