ኤኤፍፒዬ ይወጣል ይወርዳል፤ የጉበት ካንሰር ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 47 ዓመቴ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ መድኃኒት አልጀመርኩም። ኤኤፍፒ የሚባለው የደም ምርመራ አምና 9 ነበር። ጥር ላይ ሌላ ላቦራቶሪ ሄጄ 68 አሉኝ። መጋቢት ላይ እዚያው 31 ሆነ። አልትራሳውንዱ ዕጢ የለም ይላል። ታላቅ ወንድሜ ያረፈው በጉበት ካንሰር ስለሆነ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የትኛውን ውጤት ልመን?

መልስ፦ ወንድምዎን ነፍስ ይማር። ሦስቱም ውጤቶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ኤኤፍፒ ገና በማህፀን ሳለን ጉበታችን የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ከተወለድን በኋላ እየቀነሰ ይሄድና በጤነኛ አዋቂ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በታች ይሆናል። የጉበት ሴል ወደ ካንሰር ሲቀየር የድሮ ሥራው ትዝ ይለውና ማምረቱን እንደገና ይጀምራል። አስቸጋሪው ነገር፣ የቆሰለ ጉበት ራሱን ሲጠግንም ይህንኑ ማድረጉ ነው።

የላኩልኝን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ከኤኤፍፒው ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ኤኤልቲ የሚል አለ። የጉበት ቁጣ መለኪያ ነው ይበሉት። ጥር ላይ 210፣ መጋቢት ላይ 74። ሁለቱ አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። ይህ ቫይረሱ ተነስቶ ጉበትዎን እንዳስቆጣውና አሁን እየበረደ እንደሆነ ይጠቁማል። ኤኤልቲ ዝቅ ብሎ ኤኤፍፒ ብቻውን በየወሩ ቢያሻቅብ ኖሮ የበለጠ እሰጋ ነበር።

የላቦራቶሪው መለያየትም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ማሽን ከማሽን ይለያያል። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደው ባዮቲንም አንዳንዱን ማሽን ያሳስታል። የሚወስዱ ከሆነ ደም ከመስጠትዎ በፊት ይናገሩ። ከእንግዲህ አንድ ላቦራቶሪ ይያዙ።

ይህን ስል ግን ተረጋግተው ይቀመጡ ማለቴ አይደለም። 31 አሁንም ከፍ ያለ ነው፤ ከ20 በላይ ሲሆን እኔ በአልትራሳውንድ ብቻ አልተማመንም። ሲሶ ያህሉ የጉበት ካንሰር ደግሞ ኤኤፍፒን ጭራሽ ከፍ አያደርገውም፤ ስለዚህ ቢወርድም ነፃ ነዎት ማለት አይደለም። በደም ሥር በሚሰጥ አጉሊ ቀለም (ኮንትራስት)፣ በተለያየ ደቂቃ ፎቶ የሚያነሳ የጉበት ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይታዘዝልዎ። የጉበት ካንሰር ደሙን በዋናነት ከአርተሪ (ከልብ ደም ከሚያመጣው ሥር) ስለሚስብ ቀለሙ ሲገባ መጀመሪያ ላይ ቦግ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ከዙሪያው ይደበዝዛል። ተራ ሲቲ ይህንን አያሳይም። ከምርመራው በፊት ኩላሊትዎ ይታይ። ዕጢ ካልተገኘም አልትራሳውንዱና ኤኤፍፒው በየስድስት ወሩ ይቀጥላሉ።

ሌላው፣ የቫይረሱን መጠን ይለኩና ቴኖፎቪር የሚባለውን ቫይረሱን የሚያፍን መድኃኒት ስለመጀመር ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። በወንድምዎ ታሪክና በዚህ ኤኤልቲ እኔ ብሆን ወደ መጀመሩ አደላለሁ። ቫይረሱ ሲታፈን ኤኤፍፒው ይረጋጋል፤ ያኔ ከፍ ካለ ምክንያቱን መለየት ይቀላል። ከጀመሩት ግን ደህና ነኝ ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡት፤ ቫይረሱ ሊያገረሽ ይችላል። "ጉበት ያጥባል" እያሉ ሥር የሚጨምቁልዎ ካሉም በትህትና ይለፏቸው። ጉበትን ራሱን ያቃጠለ ሥር ስንት አይተናል!

ባለቤትዎ፣ ወንድም እህቶችዎና ልጆችዎስ ተመርምረዋል? የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ካለዎት ሳይከተብ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና፣ ለሲቲው ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ።