ሕግና አንትሮፖሎጂን አጣምሮ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ ለሚፈልጉ የደሴ መምህር

ፒኤችዲዎን ሐምሌ 2012 ዓ.ም. እንደጨረሱ፣ ደሴ ላይ ሕግ እንደሚያስተምሩ፣ አሁን ደግሞ የወሎ ሴቶች የውርስ ድርሻቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ በአበጋር (በወሎ ባህላዊ የሽምግልና ሥርዓት) እና በመደበኛው ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚጠይቁ ማጥናት እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። የጠየቁት ለድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ ለሚሠራ ምርምር ለሚሰጥ ድጋፍ፣ የት ማመልከት እንደሚሻል ነው።

አብሽሩ፣ ርዕሱ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን ቀኑን እናስላ፤ ፌሎሺፕ ሰጪዎች ፒኤችዲ ካለቀ ስንት ዓመት እንደሆነ ቆጥረው ገደብ ያስቀምጣሉ። ሐምሌ 2012 ማለት በፈረንጆቹ ጁላይ 2020 ነው፤ ቅጹ ላይ 2012 ብለው ከሞሉ ከነጭራሹ ከገደብ ውጭ ይሆናሉ። የፍሎረንሱ ማክስ ዌበር ፌሎሺፕ 5 ዓመት፣ የጀርመኑ ሁምቦልት ለጀማሪ ተመራማሪ 4 ዓመት ስለሚቆጥሩ ሁለቱም አልፈዋል። ሁምቦልት ልምድ ላላቸው እስከ 12 ዓመት የሚቀበልበት መስመር አለው፤ ጠንካራ የኅትመት ዝርዝር ካለዎት ይሞክሩት። ለእርስዎ የሚሻለው ግን የአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ፌሎሺፕ ነው፤ ገደቡ 8 ዓመት ነው። የወሊድ ፈቃድ ወይም ከምርምር የራቁበት ጊዜ ካለ ከቁጥሩ ይቀነሳልና ማስረጃውን አሁኑኑ ያሰባስቡ። ካለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በሚሄዱበት አገር ኖረው ወይም ሠርተው ከሆነ ግን ያ አገር አይሆንም።

የማሪ ኩሪ ማመልከቻ የሚገባው እርስዎን ከሚቀበለው ተቋም ጋር ነው። ጥሪው የሚዘጋው በጳጉሜና መስከረም መግቢያ አካባቢ ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪ ፕሮፌሰር ፍለጋው ከመጋቢት ማለፍ የለበትም። ብዙ አመልካች ክረምት ላይ ይነሣና ፕሮፖዛሉን ሳያስነብብ ያስገባል።

የፕሮፖዛሉ ዋና ክፍል 10 ገጽ ነው፤ ከነጥቡ 50 በመቶው ለሳይንሳዊ ብቃት፣ 30ው ለፋይዳ፣ 20ው ለአፈጻጸም ይሰጣል። ሁለት ሙያ ያጣመረ ፕሮፖዛል የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ እዚያው 50ው ላይ ነው። ሕጉ በአንድ ምዕራፍ፣ ቃለ መጠይቁ በሌላ ይቀመጣል፤ መሐላቸው ባዶ ነው። ገምጋሚ ይህን ወዲያው ያያል።

የእርስዎን ርዕስ እንውሰድ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ ያቆማል። ታዲያ መዝገቡ ላይ ያለው የሴቲቱ ፊርማ ፈቃዷን ያሳያል? ማን ፊት ፈረመች? ወንድሟ አጠገቧ ነበር? ‹ፈቃድ› ምን እንደሆነ የሚለካው በሕግ ነው፤ እንዴት እንደተሰጠ የሚታወቀው ደግሞ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆይቶ፣ ሴቲቱን ለብቻዋ አነጋግሮ ነው። አንዱን ሙያ ቢያወጡት ጥያቄው መልስ ያጣል፤ ፕሮፖዛሉ መነሣት ያለበት ከዚህ ነው። ለአበጋሩም ይኸው ጥያቄ ይሠራል፤ ሦስቱን መድረክ እኩል አጠናለሁ ማለት ግን ለሁለት ዓመት ይበዛል። በእኔ አስተያየት ሸሪዓ ፍርድ ቤቱንና አበጋሩን ይዘው መደበኛውን ፍርድ ቤት ለማነጻጸሪያ ብቻ ይተዉት።

የሥነ ምግባር ክፍሉን አይለፉት። በትንሽ ቀበሌ የባለጉዳይዋን ስም መሰረዝ አይበቃም፤ የመሬቱ ስፋትና የወንድሞቿ ቁጥር ብቻ ማንነቷን ያጋልጣል።

ለፕሮፌሰሩ የሚላከው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ጥያቄዎን፣ ዘዴዎንና ለምን እሳቸውን እንደመረጡ ይንገሩ፤ ሲቪና አንድ ጽሑፍ ያያይዙ። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ይለፉ።